ጳጉሜ 6 እና አያቴ፦ የፓይተን አራተኛ ሳምንቴ

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንት። ቫሪያብል (ዋጋ የምናስቀምጥበት ስም) እና ኢፍ ("ይህ ከሆነ ይህን አድርግ") ገብተውኛል። ሉፕ (ትእዛዝ መደጋገሚያው) ገና ነው፣ እሱን ተዉት።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ ዓመተ ምሕረት ተቀብሎ፣ የዚያ ዓመት ጳጉሜ 5 ናት ወይስ 6 የሚል ፕሮግራም። ደንቡ ቀላል ነው። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ 6 ናት። የድሬ ሙቀት ቀን ላይ ላፕቶፑንም እኔንም ስለሚያግለን፣ ማታ ሳቢያን ቤታችን ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግቼ ጀመርኩ።

2015 ብዬ አስገባሁ። ታይፕ ኤረር፣ የዓይነት ስህተት! መልእክቱን ሳነበው ስለ ጽሑፍ ፎርማት ያወራል። አቦ፣ እኔ ፎርማት መቼ ነካሁ?

አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ለካ ኢንፑት የሚባለው ትእዛዝ የተየብነውን ሁሉ የሚሰጠን እንደ ጽሑፍ ነው። ቀሪውን ለማውጣት የተጠቀምኩባት የፐርሰንት ምልክት (%) ደግሞ ሁለት ሥራ አላት፦ ቁጥር ላይ ቀሪ ታወጣለች፣ ጽሑፍ ላይ ክፍት ቦታ ትሞላለች። የኔ ጽሑፍ ውስጥ 4 የሚገባበት ክፍት ቦታ የለም፤ ፓይተን የጮኸው ለዚህ ነው። ኢንፑቱን፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚቀይረው ኢንት ውስጥ ስከተው ሠራ።

አያቴ አጠገቤ ቡና እየጠጣች ነበር። "ምንድን ነው እንዲህ የሚያነጫንጭሽ?" አለች። ነገርኳት። "ሉቃስ ሲሆን ነዋ! ለዚህ ነው ኮምፒዩተር?"

እውነቷን ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ዓመቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ። 5500 ራሱ ለ4 እኩል ስለሚካፈል፣ ደመርነውም ተውነውም ቀሪው ያው ነው። የክፍሉ ደንብና የአያቴ ደንብ አንድ ሆነው አረፉት።

እልህ ያዘኝና የወንጌላውያኑን ስም በሊስት (በተራ ቁጥር በተደረደረ ዝርዝር) ጨመርኩ፤ እንደ ወንጌሉ ቅደም ተከተል፣ ማቴዎስን አስቀድሜ። 2015ን ሳስገባ ዮሐንስ አለኝ። አያቴ ሳቀች፣ "ኧረ ተሳስቷል!" ስሙን የምጠራው በቀሪው ቁጥር ነው፤ ሊስት ግን የሚቆጥረው ከ0 ስለሆነ 3 ላይ ያለው ዮሐንስ ነው። ከ0 መቁጠር የሚባል ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲያናድደኝ ነበር። ዮሐንስን ወደ ፊት አመጣሁትና 0 ላይ ተቀመጠ፤ ሦስቱም ቁጥራቸውን አገኙ።

2019 ብዬ ሞከርኩ። ሉቃስ፣ ጳጉሜ 6።

"ፋሲካንስ ያወጣል?" አለች አያቴ።

መጀመሪያ ሉፑን ልጨርስ አልኳት።