የሴፍቲኔት ክፍያ በድሬዳዋ ገጠር፦ ብሩ የቱ ጋ ይጎድላል?

ሴፍቲኔት የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ እርከን እንደመሥራት ባለ የልማት ሥራ ተሳትፎ ክፍያ የሚያገኝበት ፕሮግራም ነው። የክፍያ ቀን ሲደርስ ዋሂልም ሆነ ጀልዴሳ የሚሰማው አቤቱታ ያው ነው፤ «እኔ ድንጋይ ስሸከም ከርሜ ጎረቤቴ እንዴት ይበልጠኛል?» አብዛኛውን ጊዜ ማንም አልሰረቀም። ክፍያው የሚሰላው በእርከኑ ርዝመት ሳይሆን በቤተሰብ ቁጥር ነው።

ለአንድ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን ይያዛል፤ ሕፃኑም አያቱም ይቆጠራሉ። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 25 ቀን አለው። መሥራት የሚችሉት ሁለት ከሆኑ 13 እና 12 ቀን ይካፈሉታል። አንድ ብቻ ከሆነ ግን በወር ከ15 ቀን በላይ ሊሠራ አይገባም፤ የቀሪው 10 ቀን ክፍያም አይቀርበትም። ብዙ ፔሮል (የክፍያ ዝርዝር) የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው፤ መዝጋቢው የተሠራውን 15 ቀን ብቻ አስገብቶ ይዘጋዋል። በፕሮግራሙ አምስተኛ ዙር ደንብ አንድ ቤተሰብ ቢበዛ በ5 ሰው ስለሚታሰብ፣ ባለ ብዙ ልጅ አባወራ በስድስተኛውና በሰባተኛው ሰው ስም ቢሟገት ትርፉ ድካም ነው።

የቀን ክፍያው 3 ኪሎ እህልና 800 ግራም ጥራጥሬ እንዲገዛ ታስቦ የሚወሰን ነው፤ በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ይሆናል። ችግሩ ዋጋው አስቀድሞ በተጠና ገበያ መወሰኑ ነው። ክረምት ገብቶ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ ማሽላ ሲወደድ ተመኑ አይነቃነቅም። በእነዚያ ወራት ገበሬው ከብር ይልቅ እህል ይሰጠኝ ቢል አልፈርድበትም።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ስም ነው። አንዱ ሰው መታወቂያው ላይ ሁሴን፣ አቴንዳንሱ (የሥራ ቀን መቆጣጠሪያው) ላይ ሁሴይን፣ የተጠቃሚ ካርዱ ላይ ሑሴን ይሆናል፤ የአያት ስም የተዘለለበት ከሆነማ ከፋዩ ብሩን ይዞ ይመለሳል። ምዝገባ ሲካሄድ መታወቂያውን አጠገብ አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በኋላ ለማስተካከል ግን ከቀበሌ ከተማ መመላለስ ነው።

ሁለት ሚስት ያለው ሰው ቤት እያንዳንዷ ሚስት ከነልጆቿ ለብቻዋ እንደ አንድ ቤተሰብ ትመዘገባለች። ባልየው የሚቆጠረው በአንደኛው ብቻ ነው፤ በሁለቱም ከገባ ማጣሪያው ላይ አንዱ ይሰረዛል።

ነፍሰ ጡር ሴት ድንጋይ አትሸከምም። ከጤና ኬላ የክትትል ካርዷን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስታሳይ ሳይሠሩ ወደሚከፈልበት ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች፤ ክፍያዋ ይቀጥላል። ካርዱ ካልደረሰው አቴንዳንሱ ላይ «ቀሪ» ተብላ ትጻፋለች፣ ወሩም ይቃጠላል።

የማዳበሪያ ዕዳም ሆነ የቀበሌ መዋጮ ከዚህ ክፍያ ላይ አይቆረጥም። «ፈርም፣ ቀሪውን ለመዋጮ ይዘነዋል» የሚል ካለ አለመፈረም ነው። የጎደለበት ሰው መሄድ ያለበት ተጠቃሚ ወደሚመለምለው ግብረ ኃይል ሳይሆን ወደ ቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተጠቃሚ ካርዱን፣ የጎደለውን ወርና የቀን ብዛት በጽሑፍ ይዞ ይሂድ። በቃል ብቻ የቀረበ ቅሬታ በቀላሉ ሊረሳ ይችላል።