የዲትሮይት ኪሳራና የዘገየው የአረንጓዴ መኪና ጉዞ

ስለ አሜሪካ የመኪና ኢንዱስትሪ የገንዘብ ቀውስ ሲነሣ አንዱ ወገን የሠራተኛ ማኅበሩን ደመወዝና የጡረተኞቹን የሕክምና ወጪ፣ ሌላው ወገን ደግሞ በ2008 የደረሰውን የባንኮች መንኮታኮት ተጠያቂ ያደርጋል (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፋቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሁለቱም ክርክሮች እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ እየነዳሁ፣ ቤንዚኑንም ከገዛ ኪሴ እየሞላሁ እኖር ስለ ነበር፣ ጉዳዩን የማየው ከማደያው በኩል ነው። ከዚያ ሆኜ ሳየው ዲትሮይት (ማለትም ሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ መኪና አምራቾች፣ ጀነራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር) የገባችበት የገንዘብ ችግርና ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ለመሥራት ማመንታቷ አንድ ታሪክ ናቸው። ገንዘቡ በነበራት ዘመን ወደ አዲሱ ቴክኖሎጂ ለመሻገር አልፈለገችም፤ መሻገሩ ግድ በሆነባት ጊዜ ደግሞ ካዝናዋ ባዶ ነበር።

ቴክኖሎጂው በእጇ አልነበረም ማለት አይቻልም። የካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ቦርድ በ1990 ባወጣው ደንብ ትላልቆቹ አምራቾች በግዛቱ ከሚሸጧቸው መኪኖች የተወሰነው እጅ ጭስ አልባ እንዲሆን ካዘዘ በኋላ፣ ጀነራል ሞተርስ በ1996 ኢቪ 1 የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና አወጣ። የተሠሩት 1,117 ብቻ ሲሆኑ ለተጠቃሚዎች የተሰጡትም በኪራይ ነበር። ደንቡ በአምራቾቹ ግፊትና ክስ እየላላ ሲሄድ ኩባንያው መኪኖቹን ሰብስቦ፣ ለሙዚየምና ለዩኒቨርሲቲ ከሰጣቸው ጥቂቶች በቀር፣ አብዛኞቹን ጨፈለቃቸው። መኪናዋን ለመግዛት የለመኑ ተከራዮች ነበሩ፤ አልተሸጠችላቸውም። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሪክ ዋጎነር በ2006 እጅግ ስለሚቆጩበት ውሳኔ ሲጠየቁ ያነሡት ይህንኑ፣ ማለትም የኢቪ 1ን ሥራ ማቋረጣቸውንና ለሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም ለሚሠራ መኪና) ተገቢውን ገንዘብ አለመመደባቸውን ነበር። ጨምረው ግን ውሳኔው የጎዳው የኩባንያውን ስም እንጂ ትርፉን አይደለም አሉ። በዚህ አልስማማም። ይህን በተናገሩበት ጊዜ ሒሳቡ ገና አልቀረበላቸውም ነበር፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቀረበላቸው።

የትርፉ ምንጭ ሌላ ቦታ ነበር። የ1975ቱ የነዳጅ ቁጠባ ሕግ የቤት መኪናንና ቀላል የጭነት መኪናን በመለየቱ ለኋለኛው ላላ ያለ መመዘኛ የሚወጣበት መንገድ ተከፈተ፤ ከ1964 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ በሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ተጥሎ ኖሯል። ዲትሮይት በዚህ ከለላ ሥር ፒክአፕና በፒክአፕ ሻንሲ ላይ የተሠራ ትልቅ ኤስዩቪ እየሸጠች፣ ከእያንዳንዱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ታተርፍ ነበር። በ2003 የወጣው የግብር ሕግም ክብደቱ ከ6,000 ፓውንድ የሚበልጥ መኪና ለሥራዬ ብሎ የገዛ ሰው እስከ 100,000 ዶላር የሚደርሰውን ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ እንዲቀንስ ፈቀደለት፤ ሐመርን የመሰለ መኪና በመንግሥት ድጎማ ተገዛ ማለት ነው። በእነዚያው ዓመታት ቶዮታ፣ በ1997 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረባትን ሃይብሪድ መኪና፣ ፕሪየስን፣ በየትውልዱ ያሻሽል ነበር።

በጁን 2008 የቤንዚን አማካይ ዋጋ በጋሎን ከ4 ዶላር አለፈ። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ከሚነዱት መካከል የኢትዮጵያውያን ቁጥር ከፍተኛ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ አብዛኞቻችን በዚያን ጊዜ የያዝነው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበር። ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫውም እንደ ልብ ይገኛል፤ ነገር ግን ከተማ ውስጥ በአንድ ጋሎን የሚሄደው 15 ማይል ያህል ብቻ ነው። በቀን 150 ማይል የነዳ ሹፌር 10 ጋሎን፣ በገንዘብ ከ40 ዶላር በላይ ያቃጥላል። ፕሪየስ የያዘው ጓደኛው ያንኑ መንገድ ከ3 ጋሎን ተኩል ባልበለጠ ቤንዚን፣ በ14 ዶላር ገደማ ይጨርሰዋል። ልዩነቱ ሲደመር በወር ከ600 ዶላር ያልፋል፤ ይህ ለአንድ ቤተሰብ የአስቤዛ ወጪ ነው። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት ሹፌር ይህን ስሌት በደረሰኝ ጀርባ ላይ እየጻፉ ለወጣቶቹ ያሳዩ ነበር። «ልጆቼ፣ ይህ መኪና የሚሠራው ለማደያው ነው፤ ለእኔ የሚተርፈኝ ድካሙ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ክራውን ቪክቶሪያው ከተራው ላይ እየቀነሰ፣ ፕሪየስና ሌሎች ሃይብሪዶች ቦታውን እየያዙ ሄዱ።

አንድ ሹፌር መኪናውን በሳምንት ሊቀይር ይችላል። ፋብሪካ ግን እንዲህ አይደለም፤ አዲስ ሞዴል ከንድፍ እስከ ሽያጭ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ገበያው ከትልልቅ መኪኖች ፊቱን ባዞረበት በዚያ ዓመት ዲትሮይት የምታቀርበው በቂ ምትክ አልነበራትም። ባንኮች ብድር ማቆማቸው የመጣው ከዚህ በላይ ነው። በ2005 ወደ 17 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የአገሪቱ ዓመታዊ የመኪና ሽያጭ በ2009 ወደ 10.4 ሚሊዮን ወረደ። ጀነራል ሞተርስ በ2008 ብቻ 30.9 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ሴኔቱ የእርዳታውን ረቂቅ ባለማሳለፉ ፕሬዚዳንት ቡሽ በዲሴምበር ለጀነራል ሞተርስና ለክራይስለር 17.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀዱ፤ ይህም አልበቃም። ክራይስለር ኤፕሪል 30፣ ጀነራል ሞተርስ ጁን 1 ቀን 2009 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። ፎርድ ከዚህ የተረፈው በ2006፣ ብድር ገና በሚገኝበት ጊዜ፣ ሰማያዊውን የንግድ ምልክቱን ሳይቀር አስይዞ 23.6 ቢሊዮን ዶላር ስለ ተበደረ ነው። ይህን ውሳኔ አደንቃለሁ፤ ጭንቁን ቀድሞ ያየ ሰው በቤቱ እንደ ነበረ ያሳያል።

ከሰነዶቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ የምመለስበት የመንግሥት ግብረ ኃይል በማርች 2009 የጀነራል ሞተርስን ዕቅድ ገምግሞ ያወጣው ጽሑፍ ነው። ኩባንያው በአረንጓዴ ቴክኖሎጂ ከቶዮታ ቢያንስ በአንድ ትውልድ ወደ ኋላ እንደ ቀረ፣ ተስፋ የተጣለባት ቮልት የተባለች አዲስ መኪናውም ተስፋ ሰጪ ብትሆን ለጊዜው ገበያ ላይ ለመሳካት ዋጋዋ እጅግ ውድ እንደሚሆን በግልጽ አስቀምጧል። እንደ ተባለውም ቮልት በ2010 መጨረሻ በ41,000 ዶላር ቀረበች፤ ወደ 35 ማይል ያህል በባትሪ ብቻ የምትሄድ፣ ባትሪው ሲያልቅ ቤንዚን ሞተሯ የሚነሣ፣ በምሕንድስናዋ የምታኮራ መኪና ነበረች። በ2019 ምርቷ ተቋረጠ። ኢቪ 1 ሳትቋረጥ ልጅና የልጅ ልጅ አፍርታ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ወጪ በደጉ ዘመን በትንሽ በትንሹ ተከፍሎ ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መንግሥት በ2009 ክረምት አሮጌ መኪና እያስረከቡ ቆጣቢ መኪና ለሚገዙ ሰዎች 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ሰጠ፤ ለዚህም 3 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። የተረከቡት መኪኖች ተመልሰው መንገድ ላይ እንዳይወጡ የሚደረገውን ማየት ከባድ ነበር። ዘይቱ ከሞተሩ ይፈስሳል፣ በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የተባለ ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ ከዚያም ሞተሩ እየጮኸ ተጣብቆ እስኪቆም ድረስ ቤንዚን ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ የጤነኛ ሞተር ግድያ የተካሄደው ዲትሮይትን ለማዳን ጭምር ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ገንዘብ በብዛት የተገዛችው መኪና ቶዮታ ኮሮላ ነበረች።

ዋጋውን የከፈሉት ውሳኔውን ያሳለፉት ሰዎች አልነበሩም። አዲስ ተቀጣሪዎች ከነባሮቹ በእጅጉ ባነሰ ደመወዝ ገቡ፤ የጡረተኞቹ የሕክምና ፈንድ በጥሬ ገንዘብ ሊከፈለው ከነበረው ከፊሉን በአክሲዮን ተቀበለ፤ ክራይስለር 789 አከፋፋዮችን አሰናበተ። ይህን በጻፍሁ ቁጥር ያናድደኛል።

የሚያሳስበኝ ግን የዛሬው ነው። ዲትሮይት በኮንግረስ ደጅ በምትጠናበት በዲሴምበር 2008፣ ከባትሪ ሥራ የተነሣው የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ ሸንዘን ላይ ከግድግዳ ሶኬት ቻርጅ የምትደረግ ሃይብሪድ መኪናውን መሸጥ ጀመረ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አሥረኛ የሚሆነው የኩባንያው ድርሻ ለአሜሪካ ባለሀብት የተሸጠው በ230 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል አዲስ አበባን የሞሏት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቻይና ውስጥ የተሠሩት ናቸው፤ ዲትሮይት በዚያ ገበያ የለችም ማለት ይቻላል።

የዲትሮይት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚከስረውም፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ የድሮው ትልቅ መኪና ከነግዝፈቱ ወደ ባትሪ ስለ ተሻገረ ነው። የኤሌክትሪኩ ሐመር ባትሪ ብቻውን ወደ 1,300 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህ የአንዲት ትንሽ መኪና ሙሉ ክብደት ነው። የፎርድ የኤሌክትሪክ ክፍል በ2023 4.7 ቢሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 5.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከሰረ። በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ የ7,500 ዶላሩ የገዢዎች የታክስ ቅናሽ ሲቀር ችግሩ ባሰ፤ ፎርድም በዲሴምበር 19.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጪ እንደሚመዘግብ አስታውቆ ግዙፉን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ በነበረበት መልክ ማምረቱን አቆመ።

ያም ሆኖ አንድ ዕቅድ አለ። ፎርድ በኦገስት 2025 የሉዊቪል ፋብሪካውን በ2 ቢሊዮን ዶላር አድሶ፣ 30,000 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ መካከለኛ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ በ2027 ለማውጣት ቃል ገብቷል። ባትሪው አነስተኛና ርካሽ፣ አሠራሩም ቀለል ያለ ይሆናል ተብሏል። ቤንዚን ርካሽ ሆኖ በሚቆይባቸውና የትልልቁ ፒክአፕ ትርፍ በሚያማልልባቸው ወራት ኩባንያው ይህን ዕቅድ እንዳያጥፈው ከልቤ እመኛለሁ፤ በ2027 ከሁሉ አስቀድሜ የምጠብቀው የመኪና ዜና የሉዊቪሉ ነው።