ድሮኑ የተመለሰበት መንገድ

የጥር እሑድ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ባለ ሆቴል የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ ግቢያችን ገብተው ዋርካው ሥር ጭፈራው ደርቷል። ድንገት እስክስታው ቀጥ አለ። ቀና ስል ከዋርካው በላይ ድሮን ቆሟል።

ባለፉት ዓመታት ጦርነት ያየ ሰው ያንን ድምፅ ከሠርግ ጋር አያገናኘውም። አንዲት እናት ነጠላቸውን በልጅ ልጃቸው ላይ ጥለው ወደ ግንቡ ሮጡ። ካሜራ ብቻ እንደሆነ እኔ ባውቅም እሳቸውን በምን ቃል ላረጋጋቸው?

ሕጉ አልጠፋኝም። ድሮን ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ ከምንለው፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያም ከከተማው ሩቅ አይደለም። በራዲዮ "ቶሎ አስቁሙት!" የሚል ትእዛዝ መጣ። ግን ማንን ላስቁም?

ዓይኔ አንድ ወጣት ካሜራማን ላይ አረፈ። እጁ ላይ እጀታና ስክሪን ያለው ዕቃ ይዟል። ክንዱን ያዝኩት። በሠርገኛው ሁሉ ፊት ቦርሳውን አስከፈትኩት፦ ሁለት ሌንስ፣ ባትሪዎች፣ መጥረጊያ ጨርቅ። "ወንድምዓለም፣ ይሄ እኮ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ መያዣው ነው" አለኝ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ድሮኑ በዚያው ሰዓት ከላያችን እየተሽከረከረ ነበር። ያንን ልጅ ያዋረድኩበት ደቂቃ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ከጥበቃዎቻችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ገጠር ንብ ያነቡ የነበሩ ሰው፣ ጠጋ ብለው፣ "አለቃ፣ ቀፎ የሚፈልግ ሰው ንቧን አበባ ላይ አይዝም። ስትመለስ መንገዷን ነው የሚያይ" አሉኝ።

ልክ ናቸው። የእነዚህ ትንንሽ ድሮኖች ባትሪ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚቆይ። ባትሪው ሲያልቅ ወይም ከሪሞቱ ጋር ሲቆራረጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ወደተነሡበት ይመለሳሉ። ሰዎቹን መፈተሽ ትተን በዓይን ተከተልነው። ውኃውን ተሻግሮ ከእኛ ሁለት ግቢ አለፍ ብሎ ከታሰረ ጀልባ ጀርባ ወረደ።

ስንደርስ አንድ ጎረምሳ ክንፎቹን እያጠፈ ነው። ታጥፎ መዳፍ ላይ ያርፋል፤ ክብደቱ 250 ግራም የማይሞላ ዓይነት ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ለሠርጉ አምጥቶለት ነው፤ ፈቃድ የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅም። ልነጥቀው ሥልጣን የለኝም፤ ግቢውም የእኛ አይደለም። ፖሊስ ጠራሁ። እስኪመጡ ዕቃውን ጃኬቱ ውስጥ ከቶ በባጃጅ ሄደ። ለፖሊሶቹ የማሳየው ቁጥርም ምስልም አልነበረኝም።

በኋላ ነገሩን ሳነብ ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የለንደኑ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ ተብሎ ተዘግቶ ወደ 1,000 የሚጠጉ በረራዎች ተስተጓጎሉ። ፖሊስ ባልና ሚስት አስሮ ያለ ክስ ለቀቀ፤ አብራሪው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለ እነዚያ ባልና ሚስት ሳነብ የካሜራማኑ ፊት ነው የመጣብኝ። አሜሪካ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ድሮን በአየር ላይ ሳለ ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ሞገድ እንዲያሳውቅ በጥብቅ ታስገድዳለች። ከ250 ግራም በታች ሆኖ ለመዝናኛ የሚበረው ግን እዚያም ከግዴታው ነፃ ነው። ያቺ ከጃኬት ውስጥ የገባችው ዓይነት ማለት ነው።

አሁን ሥራችን የሚጀምረው ሠርጉ ሲመዘገብ ነው። ድሮን አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን፤ ካለ የፈቃዱ ኮፒ ቀድሞ ይምጣ እንላለን። እሑድ እሑድ እኒያ አዛውንት ጀልባ መቆሚያው ላይ ይቆማሉ፤ ከሰማዩ ይልቅ ዳርቻውን ያያሉ።

ካሜራማኑን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሠርግ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ሲያየኝ ሳልጠይቀው ቦርሳውን ከፍቶ ዘረጋልኝ። ዚፑን ራሴ ዘግቼ አስገባሁት።