«ትሪክል» ሁልጊዜ አይንጠባጠብም

«ትሪክል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያየ ተርጓሚ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ «ተንጠባጠበ» ነው። ስህተት ነው ባይባልም ግማሹን ይጥላል። ጠብታ ተለያይቶ ይወድቃል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ፋታ አለ፤ ሊቆጠርም ይችላል። ትሪክል ግን ቀጭን ፈሳሽ ነው፦ መጠኑ ትንሽ፣ አካሄዱ ዝግ ያለ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ገጽ ይዞ ቁልቁል የሚወርድ። ሊቆም ደርሶ አይቆምም። ከግንባር ወደ ጉንጭ የሚወርድ ላብ፣ ከጭረት ተነስቶ ክንድን ተከትሎ የሚሄድ የደም መስመር፣ ሊደርቅ የተቃረበ ምንጭ፣ ግፊት ካጣ ቧንቧ የሚመጣ ውሃ ሁሉም ትሪክል ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ለቧንቧውና ለምንጩ «ጭል ጭል አለ»፣ ለላቡና ለደሙ «በቀጭኑ ወረደ» ከ«ተንጠባጠበ» የተሻለ ይስማማሉ።

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ቃሉን ከጎረቤቶቹ ጋር ሲያቆሙት ነው። «ድሪፕ» ጠብ ጠብ ማለት ነው። «ሲፕ» በአፈር፣ በግድግዳ ወይም በጨርቅ ውስጥ አልፎ መስረግ ነው፤ መሄጃው ቀዳዳ ሳይሆን የነገሩ ገላ ራሱ ነው። «ኡዝ» ማዠት ነው፤ ፈሳሹ ወፈር ይላል፣ ቁስል ያዣል፣ ሸክላም ያዣል። «ሊክ» ውስጡ ብልሽት አለበት፦ መያዝ የነበረበት ዕቃ ሳይዝ ሲቀር፣ ጣሪያ ሲያፈስ። «ድሪብል» ሥርዓት የለውም፤ የሕፃን ለሃጭ ሲዝረበረብ እንደሚሆነው ነው። «ድሪዝል» ካፊያ ነው፤ በወጥ ቤት ደግሞ ዘይትን ወይም ማርን በምግብ ላይ በስሱ ማፍሰስ ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ «ትሪክል» የሚለየው ስለ ቀዳዳውም ሆነ ስለ ብልሽቱ ምንም አለመናገሩ ነው። የሚናገረው ስለ መጠኑና ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነው።

የማዮኔዝ አሠራር ሁለቱን ቃላት በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያሳያል። መመሪያው ዘይቱ መጀመሪያ በ«ድሪፕ»፣ ውህዱ ከያዘ በኋላ በ«ትሪክል» እንዲጨመር ያዛል። ማለትም መጀመሪያ ጠብ ጠብ እያደረጉ መምታት፣ ወፈር ማለት ሲጀምር ደግሞ ሳያቋርጡ በቀጭኑ ማንቆርቆር ነው። ዘይቱ ገና ከመነሻው በብዛት ከገባ የእንቁላሉ አስኳል ጠብታዎቹን ለያይቶ መያዝ አይችልም፤ ውህዱ ይለያያል፣ ዘይቱም ለብቻው ይንሳፈፋል። ሁለቱንም «እያንጠባጠቡ» ብሎ የተረጎመ ሰው አብሳዩን ያለምክንያት ግማሽ ሰዓት ያቆመዋል።

በሕክምና ጽሑፍ ደግሞ የቃሉ ምርጫ የአደጋውን ክብደት ይለውጣል። የመጀመሪያ ዕርዳታ መመሪያዎች የደም መፍሰስን በአወጣጡ ይለያሉ፦ ከደም ቅዳ ሲሆን በልብ ምት እየተፈናጠረ፣ ከደም መልስ ሲሆን ባንድ ወጥ እየፈሰሰ፣ ከጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ሲሆን እያዠ ይወጣል። የመጨረሻውን «እየፈሰሰ» ካሉት አንባቢው ያለአግባብ ይደነግጣል፤ መካከለኛውን «እየተንጠባጠበ» ካሉት ያለአግባብ ይዝናናል። የግሉኮስ ድሪፕም ስሙን ያገኘው ጠብታው ስለሚታይና ስለሚቆጠር ነው፤ እንደ ቱቦው ዓይነት 10፣ 15፣ 20 ወይም 60 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይሰላል። በሕሙማን ክፍል ውስጥ አንድ ነርስ ፈሳሹ «ትሪክል» እያደረገ ነው ካለ፣ ጠብታውን ቆጥሮ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ መናገሩ ነው።

የቃሉ ቅርጽ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። መጨረሻው ላይ ያለችው «ል» በእንግሊዝኛ በብዙ ግሦች ትገኛለች፤ ትንሽ ድርጊት መደጋገሙን ታመለክታለች። «ስፓርክ» አንድ ብልጭታ ከሆነ «ስፓርክል» ብልጭ ብልጭ ማለት ነው፤ «ክራክ» አንድ ጊዜ መሰንጠቅ ሲሆን «ክራክል» መንጣጣት ነው። እኛ ይህንኑ የምናደርገው ፊደል በመድገም ነው፦ ተንጠባጠበ፣ ተንቆረቆረ፣ ተንዠቀዠቀ፣ ተዝረበረበ። ነገር ግን ይህን አይቶ «ትሪክል» ከ«ትሪክ»፣ ማለትም ከማታለል፣ የመጣ የሚመስለው ይሳሳታል፤ ዝምድና የላቸውም። በኃላፊ ጊዜ ሲጻፉ ግን በፊደል ስለሚቀራረቡ በችኮላ ይምታታሉ፦ «ትሪክልድ» በቀጭኑ ወረደ፣ «ትሪክድ» አታለለ።

አነጋገሩ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። «ት» ከ«ር» በፊት ስትመጣ ብዙ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ወደ «ች» ያስጠጓታል፤ ይህ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቀጥሎ የሚመጣው አናባቢ ነው፤ አጭር መሆን አለበት። ከረዘመ «ትሪይክል» ይሆናል፤ ይህም በብሪታንያ ጥቁርና ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ስም ነው። ሽሮፑም ራሱ ቀስ ብሎ ስለሚፈስ አድማጭ ስህተቱን ከአውዱ ላይያዘው ይችላል።

ቃሉ ከፈሳሽ ወጥቶ ወደ ሰው፣ ወደ ገንዘብና ወደ ወሬ ሲሻገር ትርጉሙ ይቀየራል፤ እዚህ ላይ ነው ትርጉም በብዛት የሚበላሸው። ሰዎች ወደ አዳራሽ «ትሪክል ኢን» አደረጉ ሲባል ቀስ ብለው ተራመዱ ማለት አይደለም፤ አንድ ሁለት እያሉ ገቡ ማለት ነው። ልገሳ «ስሎው ቱ ኤ ትሪክል» ሆነ ሲባል ልገሳው ዘገየ ማለት ሳይሆን ሳሳ፣ ሊነጥፍ ደረሰ ማለት ነው። ዜና «ትሪክል አውት» ካደረገ በጥቂት በጥቂቱ ይሰማ ጀመር ማለት ነው፤ «ሾልኮ ወጣ» የሚለው ለ«ሊክ» ይቀመጥ፣ ምክንያቱም መሾለክ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ። በአጭሩ፣ በዜና ላይ «ትሪክል»ን «ጥቂት» ብሎ የጀመረ ሰው «ቀስ» ብሎ ከጀመረው ያነሰ ይሳሳታል።

ሰዋስዉ ቀላል ነው። በአብዛኛው ተሳቢ አይፈልግም፤ ውሃው ራሱ ይወርዳል። ከኋላው የምትከተለዋ ትንሽ ቃል አቅጣጫውን ትናገራለች፦ «ዳውን» ወደ ታች፣ «ስሩ» በመካከል አልፎ፣ «ባክ» ተመልሶ። ተሳቢ ሲይዝ ደግሞ አንድ ሰው ሆን ብሎ ያፈሰዋል፤ ያኔ አማርኛው «አንቆረቆረ» ነው።

በቴክኒክ ጽሑፍ ግን ቃሉን ብቻውን ይዞ መተርጎም አይቻልም፤ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ግድ ነው። «ትሪክል ቻርጅ»ን እንውሰድ። በእርሳስ-አሲድ ባትሪ ላይ ይህ የሚመጣው ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ በራሱ የሚያጣውን ያህል እየተካ ሙሉ ሆኖ እንዲቆይ ያደርገዋል። ለ12 ቮልት ባትሪ ሙላቱን የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ግፊት (ቮልቴጅ) በክፍል ሙቀት በግምት ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሴል፣ ማለትም ለባትሪው አንድ ክፍል፣ ከ2.25 እስከ 2.30 ቮልት መሆኑ ነው። ለረጅም ጊዜ ከዚያ በላይ ከቆየ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ ጋዝ እየተለወጠ ያልቃል። ስለዚህ «የማቆያ ቻርጅ» ጥሩ ትርጉም ነው። በሊቲየም-አዮን ባትሪ መመሪያ ውስጥ ያው ቃል ሲገኝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሊቲየም ከሞላ በኋላ እንዲህ ያለ ቻርጅ አይሰጠውም፤ ቻርጀሩ መቁረጥ አለበት። እዚያ «ትሪክል» የሚባለው ከልክ በላይ የወረደ ሴል ቮልቴጁ ወደ 3 ቮልት አካባቢ እስኪመለስ በዝቅተኛ ከረንት የሚሰጠው መነሻ ነው። አንደኛው ከሥራው መጨረሻ፣ ሌላኛው ከመጀመሪያው። ለሁለቱም «የማቆያ ቻርጅ» ብሎ የጻፈ ሰው ሊቲየሙን ሌሊቱን ሙሉ ሰክተው እንዲተዉት እየመከረ ነው።

የፍሳሽ ውሃ ማከሚያው «ትሪክሊንግ ፊልተር» ደግሞ በሁለተኛው ቃሉ ያሳስታል። የሚያጠልል ወንፊት የለውም። በድንጋይ ወይም በፕላስቲክ የተሞላ ገንዳ ነው፤ ፍሳሹ ከላይ ይረጭበታል፣ በድንጋዮቹ ላይ የተጋገሩት ባክቴሪያዎችም ቆሻሻውን ይመገባሉ። ውሃው በስሱ መውረዱ ዋናው ነገር ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል አየር መዝለቅ አለበት። ክፍተቱ ተደፍኖ ውሃው ከላይ ከተኛ ኦክስጅን ይቋረጣል፣ መሽተት ይጀምራል። «በስሱ የሚወርድ ማከሚያ» ማለት ይሻላል። «ትሪክል ኢሪጌሽን» ግን ያለ ጭንቀት ጠብታ መስኖ ነው፤ ብዙዎቹ ማንጠባጠቢያዎች በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሊትር ስለሚያወጡ እዚህ እውነትም ይንጠባጠባል።

የቀረው «ትሪክል ዳውን ኢኮኖሚክስ» ነው። የባለሀብቱ ግብር ሲቀነስ ጥቅሙ በኢንቨስትመንትና በሥራ ዕድል በኩል ወደ ታች ይደርሳል የሚለውን ሐሳብ ለመጥራት ይውላል። ምስሉን በአሜሪካ ካስለመዱት አንዱ ቀልደኛው ዊል ሮጀርስ ነው፤ በ1932 የፕሬዚዳንት ሁቨርን መንግሥት ሲተች ተጠቅሞበታል። በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን የሐሳቡ ደጋፊዎች «ሰፕላይ ሳይድ» (የአቅርቦት ወገን) የሚለውን ስም ይመርጡ ነበር፤ የሬገን የበጀት ኃላፊ ዴቪድ ስቶክማን በ1981 ስሙ የድሮው «ትሪክል ዳውን» መሸፈኛ እንደሆነ ለጋዜጠኛ ማመኑ ብዙ አነጋግሯል። ቃሉ የተቺዎች መሆኑን ተርጓሚ መርሳት የለበትም። በአስተያየት ጽሑፍ «ከላይ የሚንጠባጠብ ኢኮኖሚ» ቢባል ስላቁ ይተላለፋል። ሚዛናዊ መሆን በሚገባው ዜና ላይ ግን «ተቺዎቹ እንዲህ የሚሉት» የሚል ሐረግ ሳይታከልበት ባይገባ ይመረጣል።