ጭነቱ ደረሰ፣ ሾፌሩስ?

ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ባህር ዳር ለሚመጣ ሾፌር መንገድ ላይ የሚደወልለት ስልክ ሁሉ አንድ አይነት ነው። የት ደረስክ፣ ሸራው ደህና ነው ወይ፣ መቼ ትገባለህ፣ ለምን ዘገየህ። 400 ኩንታሉን የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፣ ገበሬው ራሱ በጉጉት ይጠብቀዋል ምክንያቱም ግንቦት ነው፣ ዝናቡ ሊገባ ነው፣ በቆሎው መዘራት አለበት፣ እውነታቸውን ነው አልፈርድባቸውም። ግን አንተስ በላህ ወይ፣ ተኛህ ወይ የሚለኝ ከሚስቴ ሌላ የለም፣ እሷም ኔትወርክ ስትሰጣት ነው። ዛሬ ከጣና ዳር ሆኜ መፃፍ የፈለኩት ስለዚህ ነገር ነው፣ መንገዱንም እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

ቤቴ አዳማ ነው። ይሄን የምለው ከጅቡቲ የሚመጣው መንገድ በደጄ ስለሚያልፍ ነው፣ ጋላፊ፣ ዶቢ፣ ሚሌ፣ አዋሽ፣ ከዛ አዳማ። አንድ ሌሊት አድራለሁ፣ ልጆቹ ሳይነሱ እወጣለሁ። ከሩቅ ሆኖ መናፈቅ ከባድ ነው ይላሉ ሰዎች፣ እኔን የሚብስብኝ ግን ገብቶ መውጣቱ ነው። በዚህኛው ጉዞ ትንሿ ልጄ ማታውን ጫማዬን ደብቃብኝ ተኝታለች፣ በጨለማ ስፈልግ ቆይቼ ከውሃ ጄሪካን ጀርባ አገኘሁት፣ አድርጌው ወጣሁ። እስከ ጎሃ ፅዮን ድረስ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

የሰፈሬ እድር ላይ ደሞ ስሜ የሚታወቀው በቅጣት ነው። ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣል፣ ደንብ ነው፣ እከፍላለሁ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ሲሞት እኔ ጅቡቲ ፒኬ 12 የሚባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ ተራ እየጠበኩ ነበር። ስመለስ ሄጄ ሚስቱን እግዚአብሔር ያፅናሽ ስላት እሷ አልቅሳ ወጥቶላት ነበር፣ እኔ ግን ገና መጀመሬ ነው፣ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም ሁሉም ጨርሶ ወደ ስራው ተመልሷል። የሾፌር ብቸኝነት ለኔ ይሄ ነው። ሰው ማጣት ብቻ አይደለም፣ ሀዘኑም ደስታውም ካለፈ በኋላ ብቻህን መድረስህ ነው።

መንገድ ላይማ ሰው ሞልቷል። በረሃው ላይ ተከታትለን ነው የምንሄደው፣ ሻይ ቤት አብረን እንቆማለን፣ ጎማ የፈነዳበት ካለ ሶስት አራት ሰው ይወርዳል። ጋቢና ስትገባ ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። የኔ መኪና ረዳት የለውም፣ ባለንብረቱ ወጪ መቀነስ ስለፈለገ ብቻዬን ነው የምነዳው፣ አንዳንድ ቀን ምሳ ለማዘዝ አፌን ስከፍት ድምፄ ጎርነን ብሎ ይወጣል፣ ለካ ከጠዋት ጀምሮ አልተናገርኩም። መዝሙር አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ ቴሌግራም ላይ የሾፌሮች ግሩፕ አለ፣ ሁሉም ያግዛል። ከነሐሴ 2015 በኋላ አማራ ክልል ውስጥ ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ግን የነዚህ ነገሮች አቅም የት ድረስ እንደሆነ አየነው፣ ደጀንን ካለፍክ የልጅህን ፎቶ እንኳን ማየት አትችልም ነበር።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ ልምጣ። ጎሃ ፅዮን ላይ ሁሌ እቆማለሁ። ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታሁ ድምፃቸውን እሰማለሁ፣ የአየር ፍሬኑን አያለሁ፣ የተሳቢውን ማያያዣ አያለሁ፣ ከዛ በስመ አብ ብዬ እገባለሁ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው እስከ ድልድዩ ድረስ፣ አስፋልቱ መሬቱ ስለሚንሸራተት በየዓመቱ ያብጣል ይሰነጠቃል፣ ከላይ ብርድ ነበር ታች ስትደርስ ግንባርህ በላብ ይርሳል። ፍሬን ላይ እግሩን የሚያስቀምጥ ሾፌር ግማሽ ሳይደርስ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል፣ ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ በሞተር ፍሬን ቀስ ብሎ ነው የሚወረደው። ከኋላህ 400 ኩንታል እየገፋህ ነው፣ ኩርባው ላይ አውቶቡስ ይመጣል፣ ዝንጀሮ አስፋልት ላይ ተቀምጧል። ጥርሴን ነክሼ እንደነበር የማውቀው ድልድዩን ተሻግሬ መንጋጋዬ ሲያመኝ ነው። ከዛ ደሞ ያንኑ ያህል ዳገት።

ደጀን ላይ ሻይ ይዤ ስቀመጥ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቁልቁለቱ አልቋል፣ ሰውነቴ ግን አልሰማም። ልብ ይመታል፣ ትከሻ እንደተወጠረ ነው፣ ሰው ጮክ ብሎ ሲያወራ እበሳጫለሁ፣ ማታ አልጋ ላይ አይኔን ስጨፍን አስፋልቱ ይመጣል። ጭንቀት እንዲህ ነው የሚሰራው፣ አደጋ ሲመጣ ሰውነት ራሱን ያዘጋጃል፣ ችግሩ እኛ ጋ አደጋው በየቀኑ ስለሆነ የሚመለስበት ጊዜ አያገኝም።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ጓደኞቼ ጫት የሚይዙት። ባህር ዳር ዙሪያ ደሞ ጫት ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ሱስ ብቻ ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም፣ ጫት ለሾፌር ጓደኛም ነው፣ ሲመረቅን ሀሳቡ ይከፈታል ከራሱ ጋር ያወራል መንገዱ ያጥራል። ግን ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል፣ እንቅልፍ እንቢ ይላል፣ እንቅልፍ ለማምጣት ጨብሲ ይባላል፣ አልኮል ይጠጣል፣ ጠዋት ደሞ ለመንቃት ጫት። ይሄ ዙር ስንቱን ደህና ሾፌር ይዞ እንደሄደ መንገዱ ላይ ያለን እናውቃለን። ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ንቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 ፐርሰንት አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሾፌር ማታ 4 ሰዓት ላይ እዛ ደርሷል ማለት ነው፣ አንድ ጠርሙስ ሳይነካ። እኔ ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት መሪ አልይዝም፣ ያ ሰዓት ሰውነት በተፈጥሮው የሚደክምበት ነው፣ ማንም ቢደውል ቆሜ እተኛለሁ።

ከደብረ ማርቆስ በኋላ ያለውን መንገድ ባጭሩ ልለፈው። ቡሬ፣ እንጅባራ፣ የአገው ምድር ቅዝቃዜ፣ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን፣ ከሰሉ በየመንገዱ ዳር። ዳንግላ ላይ መንገድ ተዘግቷል ተባለና መኪኖች ተደርድረን ቆምን። የተዘጋ መንገድ ላይ መቆም ከዓባይ በረሃም ይከብዳል፣ እዛ ቢያንስ እጅህ ስራ ላይ ነው። እዚህ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፣ ወሬው ብዙ ነው፣ ስለታገቱ ሾፌሮች የማይነገር የለም፣ ጨለማ ሲሆን ሁላችንም መብራት አጥፍተን ጋቢናችን ውስጥ ዝም። ያን ሌሊት ከጎኔ የቆመው የሲኖትራክ ሾፌር መስኮቴን አንኳኳ፣ ልጅ ነው፣ ጋሼ እንቅልፍ እንቢ አለኝ አለ፣ ና ግባ አልኩት። ስለ እናቱ ስናወራ ነጋ። ሲከፈት እሱ ወደ መራዊ እኔ ወደ ባህር ዳር፣ አሁን በየቀኑ እንደዋወላለን።

ባህር ዳር መጋዘኑ ጋ ሰልፍ ነበር። ጫኝና አውራጆቹ ተራ ይዘዋል፣ የኔ ተራ ቀናት እንደሚፈጅ ተነገረኝ። ድሮ እንዲህ ሲሆን መኪናው ስር ምንጣፍ አንጥፎ መተኛት ነው የሾፌር ወግ። እኔ መኪናውን ጥበቃ ያለው ግቢ አስገብቼ ባጃጅ ይዤ ወደ ጣና ወረድኩ፣ በጊዮርጊስ በኩል በዘንባባዎቹ ስር።

ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዳሩ ላይ ቆመህ ማዶውን አታይም። ለሾፌር አይን ይሄ መድሃኒት ነው፣ እኛ ቀኑን ሙሉ የምናየው ከፊታችን ያለችውን መኪና ፍሬን መብራት ነው። ውሃው ግንቦት ላይ ዝቅ ብሎ ዳሩ ጭቃው ወጥቷል፣ የደንገል ታንኳዎች ከዘጌ እንጨት ጭነው ይመጣሉ፣ አንዱ ቀዛፊ ጭነቱ ከራሱ ከፍ ብሎ እሱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል፣ የሙያ ጓደኛዬ ነው አልኩ በልቤ። ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል ብዬ ጠየኩት፣ እንደ ነፋሱ ነው አለኝ፣ ከሰዓት ሲነፍስ አይወጡም።

ውሃው ዳር ጀበና ቡና የሚያፈሉ እትዬ አሉ፣ ባህር ዳር በመጣሁ ቁጥር እሳቸው ጋ ነው የምቀመጠው። ገና ሳልቀመጥ "ምነው ወንድምዓለም፣ ከሳህሳ!" አሉኝ። ይሄን ሲሉኝ ጉሮሮዬ ተናነቀኝ። ከጅቡቲ እስከዚህ ድረስ መኪናዬን ያየ ብዙ ነው፣ ፊቴን ያየ እሳቸው ናቸው። ሶስቱንም ጠጣሁ፣ አቦል ቶና በረካ፣ የጎረቤቴንም ሞት ነገርኳቸው፣ እናቴ የሞተችብኝ ያህል ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

በማግስቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድኩ፣ በሞተር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት መሬት የማይታረስበት ቦታ ነው፣ የጥንት ግዝት ነው፣ ለዛ ነው ጫካው እስካሁን ያለው፣ ከስሩ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ። በቡናው መሀል ባለው መንገድ ወደ ኡራ ኪዳነ ምህረት ወጣሁ፣ ስዕሎቹን አየሁ፣ ከቅጥሩ ውጪ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት አገኘሁና መስቀል ተሳለምኩ። ስራዬን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አባቴ እርስዎ ብቸኝነቱን እንዴት ቻሉት አልኳቸው፣ መናኝ ስለሆኑ ያውቁታል ብዬ ነው።

"እኛ እኮ ብቻችንን አይደለንም ልጄ" አሉኝ። "ኪዳን አለ፣ ቅዳሴ አለ፣ ማዕድ አለ። አንዱ ኪዳን ላይ ካልታየ ምን አገኘው ብለን ሄደን በሩን እናንኳኳለን። አንተ ካልታየህ ማን ያንኳኳልሃል?"

መልስ አልነበረኝም። ጀልባ ላይ ስመለስ ይሄንኑ ሳስብ ነበር። ዓለምን ትተው የወጡት ሰዎች ሰዓት አላቸው፣ የሚፈልጋቸው አላቸው፣ እኛ ለዓለም ስንሮጥ የምንውለው ግን ሰዓትም የለን ፈላጊም የለን። አንድ ጓደኛችን ለወራት እንቅልፍ አጥቶ ማንም ሳያውቅ ብቻውን ነበር የሚሰቃየው፣ በኋላ ወንድሙ ጎትቶ ፈለገ ህይወት ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ወሰደው፣ ዛሬ ደህና ነው፣ ይነዳል። እብድ አይደለሁም ብሎ አልሄድም ብሎ ነበር። ወንድሙ በሩን ባያንኳኳ ኖሮ እላለሁ።

ማታውን ሁለት ነገር አደረኩ። የመጀመሪያው ከዳንግላው ልጅና ከሌሎች ሁለት ሾፌሮች ጋር ተነጋገርን፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ አንዳችን ለአንዳችን እንደውላለን፣ ስለ ጭነትና ስለ ነዳጅ ማውራት የለም፣ መጀመሪያ እንዴት ዋልክ ነው። ያልመለሰ ካለ ሌላው ይፈልገዋል፣ ያለበትን ከተማ ሻይ ቤት ደውሎም ቢሆን።

ሁለተኛው ለባለንብረቱ ደወልኩ። የሚካኤል ማህበር አለን አዳማ፣ በየወሩ በ12፣ እኔ ፅዋው ቤቴ ሲገባ እንኳን የማልገኝ ሰው ሆኛለሁ፣ ሚስቴ ናት ብቻዋን የምትደግሰው። ሰኔ 12 ተራው የኛ ነው። ከሰኔ 12 በፊት ጅቡቲ አልወርድም አልኩት። ዝም አለ፣ ወቅቱ የማዳበሪያ ነው መኪና መቆም የለበትም አለ፣ እኔም አሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እረፍት ይላል፣ እኔ የወሰድኩበት ሳምንት የለም፣ አሁን ልውሰደው አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረኩም። በመጨረሻ እሺ፣ በ13 ትነሳለህ አለኝ።

ለሚስቴ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። እንግዲያው ለጠላው ጌሾ ይዘህ ና፣ የዘጌው ጥሩ ነው አለችኝ። ነገ ጠዋት መኪናው ይራገፋል፣ ከዛ በፊት ገበያ ገብቼ እገዛለሁ።