ምክር የማይሰጥበት ክብ፦ ለጫትና ለመጠጥ ሱስ የቡድን ሕክምና እንዴት እንደምመራና ምን እንደተማርኩ

በአዲስ አበባ የጫትና የመጠጥ ሱስ ያለባቸውን ሰዎች በቡድን መያዝ ስጀምር የመጀመሪያው እንቅፋት ምክር ነበር። አንዱ «ትናንት ቃምኩ» ይላል፤ የቀሩት ተራ በተራ ይወርዱበታል፦ ልጆችህን አስብ፣ ፈጣሪህን ፍራ፣ ወንድ ከሆንክ ቁረጥ። ሰውየው አንገቱን ይደፋል፣ «እሺ» ይላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል። ይህን ሁሉ ከእናቱም፣ ከሚስቱም፣ ከንስሐ አባቱም ሰምቶ ጨርሶታል። ያልሰማው እሱ የሚያፍርበትን ነገር ሌላ ሰው ያለ ሀፍረት ዘርዝሮ ሲናገር ነው። ስለዚህ የቡድናችን የመጀመሪያ ሕግ «እዚህ ምክር የለም፤ የራስህን ተናገር» የሚል ሆነ። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ፣ አክረን ከተማ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበርም መነሻው ሁለት ጠጪዎች እርስ በርሳቸው የራሳቸውን መነጋገራቸው ነው።

ማንንም በቀጥታ ወደ ቡድን አላስገባም። መጀመሪያ ለብቻው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አነጋግረዋለሁ። ለመጠጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውንና ኦዲት የሚባለውን ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ እጠቀማለሁ። ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል፤ ከ8 ጀምሮ አደጋ ያለው አጠጣጥ ነው፣ ከ20 ጀምሮ ደግሞ ሱስ ስለሚጠረጠር በደንብ መታየት አለበት። ከነጥቡ በላይ ግን የማምናት አንድ ጥያቄ አለች፦ «ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል? እሱን ለማስቆም ትጠጣለህ?» አዎ ካለ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ነው የሚሄደው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከመጨረሻው ብርጭቆ 6 ሰዓት ገደማ በኋላ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪሙ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ጀምሮለት በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ይቀንስለታል።

እዚህ ላይ ቤተሰብ በቅንነት የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው «ደክሟል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለት» ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የኖረና ምግብ የዘጋ ሰው ቫይታሚን ቢ1 አልቆበት ሊሆን ይችላል። ቢ1 ሳይሰጠው ግሉኮስ ከገባ፣ የቀረችውን ጥቂት ቫይታሚን ሰውነቱ ስኳሩን ለማቃጠል ይጨርሳታል፤ አንጎሉም ሊጎዳ ይችላል። ዓይን መንቀዋለል፣ ሲራመዱ መንገዳገድና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ ቢ1 ከግሉኮስ መቅደም አለበት። ሁለተኛው፣ ከባድ ጠጪን መጠጡን ባቆመበት ዕለት ጾም አስይዞ ወደ ጸበል መውሰድ ነው። በሁለተኛው ቀን ሲወድቅና ሲንዘፈዘፍ መንፈስ የወጣ መስሏቸው ዙሪያውን ቆመው የሚያዩ አሉ። ጸበልን አልቃወምም፤ ብዙ ሰው ጸንቶ የቆመው በእምነቱ ነው። የምለምነው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው፦ መጀመሪያ በሐኪም እጅ መጠጡ ከሰውነቱ ይውጣ፣ ከዚያ ጸበሉ፤ እዚያም ሲሄድ የታዘዘለት መድኃኒት አይቋረጥ።

ጫት እንዲህ አይገድልም፣ ግን ያደክማል። ሲቆም ሀራራው ይነሳል፦ ድብርት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ንጭንጭ፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ። ይህን ለአዲስ ገቢው ሰው አስቀድሜ ካልነገርኩት በሦስተኛው ሌሊት «ላብድ ነው» ብሎ ወደ ጫቱ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት ስለሌለ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በንግግር ሕክምናው ላይ ነው።

በቡድን ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል። 10 ይዤ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሚቀር አይጠፋም፤ ከ5 በታች ሲሆን ደግሞ ዝም ያለ ሰው መደበቂያ ያጣል፣ ክቡም ይጨንቃል። የሌለ ድምፅ የሚሰማ ወይም «ይከታተሉኛል» የሚል ሰው ሕክምናው እስኪረጋ ድረስ ይቆያል። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብም እንዲሁ አስቸኳይ የግል ክትትል ያስፈልገዋል እንጂ ቡድን አይበቃውም። ባልና ሚስት፣ አለቃና ሠራተኛ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ክብ አይቀመጡም። የአንድ ሰፈር ሰዎች ሲገጥሙኝ ለሁለቱም ለየብቻ ነግሬ ፈቃዳቸውን እጠይቃለሁ፤ ወሬ በእድር ድንኳን ሥር እንዴት እንደሚሮጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ጠዋት 3 ሰዓት አደረግሁት፤ ሁሉም ተረጋግቶ ይመጣል፣ ቆንጆ ቆንጆ ይናገራል፣ ከምሳ በኋላ ግን ወደ በርጫው ይሄዳል። አሁን ማክሰኞና ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት እንጀምራለን፤ ሀራራ የሚነሳው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ሰውየው ስለ ሀራራ የሚናገረው በሀራራው ውስጥ ሆኖ ነው። ክፍሉም ቁም ነገር አለው። በወንበር ነው የምንቀመጠው፤ ፍራሽና መከዳ የለም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ለውዝና ለስላሳ አይቀርብም። አንድ ጊዜ ቤት ያፈራውን እንብላ ብለን ለውዝ አቀረብን፤ ከአባላቱ አንዱ እፍኙን ይዞ ሳይበላ ቆየና «አፌ ቅጠሉን ጠየቀኝ» አለ። አንጎል ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን አብሮት የነበረውን ሁሉ ይዞ ያስታውሳል።

ፕሮግራሙ 12 ሳምንት ነው፣ እያንዳንዱ ስብሰባ 90 ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ዙር ናቸው፦ እያንዳንዱ ካለፈው ስብሰባ ወዲህ የተጠቀመበትንና ያልተጠቀመበትን ቀን ብቻ ይናገራል፣ ማብራሪያ የለም። ቀጥሎ 50 ደቂቃ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ጉዳይ በዝርዝር ይታያል። የመጨረሻዎቹ 25 ደቂቃዎች እስከሚቀጥለው ስብሰባ ያሉትን አስቸጋሪ ሰዓቶች ለመለየትና ለእያንዳንዳቸው ቦታና ሰው ለመመደብ ነው። «እጠነክራለሁ» የሚል ዕቅድ አንቀበልም። «ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት እህቴ ቤት እሆናለሁ፣ ለእሷም ነግሬያታለሁ» የሚለውን እንጽፋለን።

ዝርዝር ለምን እንደሚያክም አንድ ነገር ላሳይ። ጠጪ ስለ መጠኑ ሲጠየቅ «ሁለት ሦስት መለኪያ» ይላል፣ እያታለለም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ከሚጠጣበት ጋር እኩል የሆነ ብርጭቆ ይዞ እንዲመጣ እናደርጋለን። ውኃ ሞልቶ መጠኑ ወደተጻፈበት ማንቆርቆሪያ ይገለብጣል። «መለኪያ» ያለው የሻይ ብርጭቆ ሆኖ 120 ሚሊ ሊትር ላይ ሲቆም ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ እናሰላለን፦ 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ ከሆነ 120 ሚሊ ሊትሩ ወደ 38 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፤ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ አለው። ሦስቱ «መለኪያ» ወደ 9 ጠርሙስ ቢራ ይጠጋል ማለት ነው። ማንም አይመክረውም፤ ማንቆርቆሪያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀጥሎ የሚናገረው ከጎኑ ያለው ሰው ነው፦ «የኔም ይለካ»።

ለጫት ደግሞ ቀኑን በሰዓት እናስነግራለን። «ተጨናንቄ ቃምኩ» ከሚለው የሚያዝ ነገር የለም። «6 ሰዓት ተኩል ምሳ በላሁ፤ 7 ሰዓት ላይ ሥራ እንደሌለኝ አወቅሁ፤ ስልኬ ጠራ፣ ‹የት ነህ?› ብቻ አለኝ፤ በታክሲው ተራ በኩል ዞርኩ፤ ኪሴ ውስጥ 300 ብር ነበር» ሲል ግን አራት የሚቆረጡ ቦታዎች ይታያሉ፦ ባዶው ሰዓት፣ ስልኩ፣ መንገዱ፣ ብሩ። ጫት ቤቱ ደጃፍ ላይ መከልከል በጣም ከባድ ነው፤ 7 ሰዓት ላይ ስልክ አለማንሳት ግን ይቻላል። ፍላጎቱ ሲነሳም ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መውረድ ይጀምራል፤ ይህን በስብሰባው ላይ ሰዓት እያየን፣ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እየሰጠን እንለማመደዋለን። የሚወርድ መሆኑን በራሱ ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይደነግጥም።

ጫትና መጠጥን አንድ ላይ ስለማስቀመጤ የሚጠይቁኝ አሉ። ምክንያቱ ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ ነው። ምርቃናውን ለመስበርና ለመተኛት የሚጠጣ ሰው መጠጡን ብቻ ላቁም ቢል ሌሊቱን ዓይኑ እንደፈጠጠ ያነጋዋል፤ በሦስተኛው ቀን ይጠጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው የመጠጡ መነሻ ከቀትር በኋላ ያለው ጫት ስለሆነ ከዚያ ነው የምንጀምረው።

ማገርሸት ሲመጣ እጅግ የሚጎዳው የራሳችን ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብሎ አንድ ቀን የጠጣው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይጠጣል፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ብርጭቆ ይልቅ የሚያጠፋው ሀፍረቱ ነው። በእኛ ዘንድ የተሰናከለ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ መምጣት አለበት፣ መቀጣት ወይም መባረር የለም። ሰክሮ ከመጣ ግን ክቡ ውስጥ አይቀመጥም፤ አንዳችን ወደ ውጭ ይዘነው እንቆያለን፣ በሰላም ቤቱ መድረሱን አረጋግጠን ለሚቀጥለው እንቀጥረዋለን። ለሌሎቹ የመጠጡ ሽታ ብቻውን ፈተና ነው።

ብር ሌላው አፍራሽ ነው። የእኛ ሰው ሲቀራረብ መበዳደርና እቁብ መግባት ይወዳል። አንዱ 500 ብር ተበድሮ ያልመለሰ ዕለት ሁለት አባላት ይቀራሉ፦ ተበዳሪው ከሀፍረት፣ አበዳሪው ከቁጭት። ስለዚህ በ12ቱ ሳምንታት በአባላት መካከል ብድርም እቁብም የለም፤ የመጀመሪያው ቀን ተነግሮ ይፈረምበታል። የደመወዝ ቀንም በዕቅዱ ውስጥ ይገባል፤ ብዙዎች ደመወዛቸው ለወር ያህል በሚያምኑት ሰው እጅ እንዲገባ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

«በጾም አልጠጣም፣ ስለዚህ ሱስ የለብኝም» የሚለውን በየዓመቱ እሰማለሁ። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው፣ አከብረዋለሁም፤ የምጠይቀው ስለ 56ኛው ቀን ነው። ሰውነቱ መጠጡን ስለረሳ የድሮው መጠን ያን ለት በኃይል ይመታዋል። ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀድመን የበዓሉን ቀን በሰዓት እንከፋፍላለን፦ ማን ቤት ይገደፋል፣ ጠላውን ማን ይቀዳል፣ ብርጭቆ ሲዘረጋለት ምን ብሎ ይመልሳል። «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው መልስ ከሁሉ ይሠራል፤ «በሞቴ» የሚል አክስት ፊት እንኳ ይቆማል።

ቤተሰብን በ4ኛውና በ9ኛው ሳምንት እንጠራለን። ለእነሱም ሕጉ አንድ ነው፣ ምክርና ወቀሳ የለም፤ ያዩትንና የተሰማቸውን ብቻ ይናገራሉ። ለሴቶች ግን ሌላ ቡድን ከፍቻለሁ። በተደባለቀው ክብ ውስጥ አፋቸውን የሚከፍቱት ለሌላው ለማዘን ብቻ ነበር። ለብቻቸው ሲሆኑ ወንዶቹ ዘንድ ያልተነሳ ነገር ወጣ፦ አረቄ እያወጡ፣ ጠላ እየጠመቁ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች መቅመስ ሥራቸው ነው፤ «አቁሚ» ማለት «እንጀራሽን ተይ» ማለት ይሆናል። እዚያ ቅምሻውን ለእህት ወይም ለሠራተኛ አሳልፎ ከመስጠት ይጀመራል፤ የገቢው ጉዳይ ሳይፈታ ዘላቂ ለውጥ አይጠበቅም።

ቡድኑን ሁልጊዜ ሁለት ሆነን ነው የምንመራው። አንዱ የሚናገረውን ሲከታተል ሌላው ዝም ያሉትን ያያል፤ እግሩን የሚያወዛውዝ፣ በሩን ደጋግሞ የሚያይ ሰው በዚያ ቀን ሳናነጋግረው መውጣት የለበትም። 12ቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ ለ6 ወር በወር አንድ ጊዜ እንገናኛለን። ከዚያ ቀን የቀረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ስልክ ይደወልለታል፤ የሚደውለው እኔ ሳልሆን አብሮት በክቡ የተቀመጠ አባል ነው፣ የመጀመሪያዋ ቃልም «ለምን ቀረህ?» ሳትሆን «ወንበርህ ባዶ ነበር» የምትለዋ ናት።