የክንዱ ደም ስር

ዛሬ ጠዋት ሱሉልታ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሮጠን ስናበቃ ፑሽ አፕ ሠራን። ሲነሳ ክንዱን አይቶ ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ደም ስሬ ሊፈነዳ ነው እንዴ?»

ከአንጓው እስከ ክርኑ እንደ ገመድ ተገትሯል። በጣቴ ስጫነው ይጠፋል፤ ስለቀው ተመልሶ ይሞላል።

«አይዞህ፣ አይፈነዳም» አልኩት። ጡንቻ ሲሠራ ብዙ ደም ይጎርፍለታል። ከደሙ የሚወጣው ፈሳሽ ጡንቻው ውስጥ ይገባና ያሳብጠዋል። ያበጠው ጡንቻ ደግሞ ቆዳ ስር ያለውን ደም መልስ፣ ማለትም ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ደም ስር፣ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሰውነት ሲሞቅም ሙቀቱን ለማስወጣት ደም ወደ ቆዳ ይመጣል። ልጁ ደግሞ ቀጭን ነው፤ የሚሸፍነው ስብ የለም።

ዝም ብሎ እጁን ጨበጠ፣ ፈታ።

«የአባዬ እጅ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለኝ።

አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። በየቀኑ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እጃቸውን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።